የአይጥ መድኃኒትም መድኃኒት ይባላል

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

በኮሎምበስና በዙሪያዋ የምትኖሩ፣ ከሥራ ወጥታችሁ መንገድ ላይ ያላችሁ፣ ሌሊቱን ሠርታችሁ አሁን ቡና የምታፈሉ ሁሉ፣ እንኳን ወደ ጤና ዝግጅታችን በደህና መጣችሁ።

ዛሬ በአንድ ቃል ልጀምር። ቃሉ «መድኃኒት» ነው። ሐኪም የሚያዝልንን ክኒን መድኃኒት እንለዋለን። አያቶቻችን ከጓሮ ቀጥፈው፣ ወቅጠውና በጥብጠው የሚያጠጡንንም መድኃኒት እንለዋለን። ያው ቃል ግን ሌላ ፊት አለው። ጓዳ ጥግ የምናስቀምጠው መርዝ ስሙ «የአይጥ መድኃኒት» ነው። ደህና የነበረ ሰው በድንገት ሲወድቅ «መድኃኒት አብልተውት ነው» ሲባል ያደመጠ ሁሉ፣ ምን ለማለት እንደተፈለገ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ቋንቋችን የሚያድነውንና የሚገድለውን በአንድ ስም የጠራው ቃል አጥሮት አይመስለኝም። ሰውነትን የመለወጥ ኃይል ያለው ነገር ሁሉ በሁለቱም በኩል እንደሚቆርጥ አበው ያውቁ ነበር።

ዛሬ የምንነጋገረው ይህ ዕውቀት ስለተረሳበት ጉዳይ ነው። «ከዕፅዋት የተሠራ» እየተባለ ስለሚሸጠው የክብደት መቀነሻ፤ ስለ ማቅጠኛ ሻዩ፣ ስለ ቦርጭ ማጥፊያው ካፕሱል፣ ስለ ዱቄቱና ስለ ጠብታው። እነዚህን ዕቃዎች ስንገዛ «መድኃኒት አይደለም፣ ናቹራል ነው» እንላለን። ጉዳቱ የሚጀምረውም እዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ክብደት መቀነስ መፈለግ ነውር አይደለም። ወልዳ፣ ታርሳ፣ ገንፎውን በልታ፣ አጥሚቱን ጠጥታ ስትነሣ ልብሷ አልገባ ያላት እናት አለች። ሐኪሙ «ስኳርህ ሊወጣ ነው፣ ቀንስ» ያለው አባት አለ። አገር ቤት እያለን ታክሲ እስክናገኝ እንኳ ብዙ መንገድ በእግር እንሄድ ነበር። እዚህ ከበር እስከ መኪና፣ ከመኪና እስከ መጋዘን በር ነው። የሌሊት ሺፍት የሚሠራ ሰው የሚበላው ባገኘው ሰዓትና ያገኘውን ነው። የኦሃዮ ክረምት ሲገባ ደግሞ ለወራት ከቤት መውጣት ይሰለቻል። ሰውነታችን የጨመረው ሰነፎች ስለሆንን ሳይሆን አኗኗራችን ስለተለወጠ ነው። ችግሩ እውነተኛ ነው፤ ለችግሩ የሚሸጥልን መፍትሔ ግን ብዙ ጊዜ እውነተኛ አይደለም።

ዕቃው እንዴት እጃችን እንደሚገባ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጓደኛ በስልክ ቪዲዮ ትልካለች። በሠርግ ላይ ያገኘናት ዘመድ «እኔ በአንድ ወር እንዲህ ሆንኩ» ትላለች። በክሊቭላንድ አቬኑ ወይም በሞርስ ሮድ በኩል ወጣ ብንል ከቅመማ ቅመሙና ከሻዩ ጎን ተደርድሮ እናገኘዋለን። ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሠራው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የምናምነው የነገረንን ሰው ነው፤ የነገረንም ሰው የሚወደን ሰው ነው። ለዚህ ነው ነገሩ ከባድ የሚሆነው። ብዙ ጊዜ ዕቃውን የሚያቀብለን የሚወደን ሰው ነውና።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

አድማጮቼ፣ ስለዚህ ጉዳይ ከተደረጉት ሰፋፊ ጥናቶች አንዱ የተሠራው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። ከመሀል ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ በሊቪንግስተን አቬኑ በኩል ስታልፉ የምታዩት ትልቁ የልጆች ሆስፒታል፣ ኔሽንዋይድ ችልድረንስ፣ የሴንትራል ኦሃዮ የመርዝ መረጃ ማዕከልም መኖሪያ ነው። የዚህ ሆስፒታልና የማዕከሉ ተመራማሪዎች ከ2000 እስከ 2012 ድረስ በመላው አሜሪካ ወደ መርዝ መረጃ ማዕከላት የተደወሉትን ጥሪዎች ሰብስበው መረመሩ። ውጤቱን በ2017 ይፋ አደረጉ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንደምጠራ ልብ በሉልኝ።

በእነዚያ 13 ዓመታት፣ ማቅጠኛዎችን ጨምሮ ሰፕልመንት ከሚባሉት ዕቃዎች ጋር በተያያዘ ወደ 275,000 የሚጠጉ ጥሪዎች ተመዝግበዋል። በአማካይ በየ24 ደቂቃው አንድ ስልክ ጮኋል ማለት ነው። ይህ ዝግጅት ተጀምሮ እስኪያልቅ እንኳ አንድ ሰው የሆነ ቦታ ስልክ አንሥቶ ይደውላል። ከ2005 እስከ 2012 ባለው ጊዜ ብቻ የጥሪው መጠን በ49 ከመቶ ጨምሯል።

አሁን የምነግራችሁን እናቶችና አባቶች በተለይ አድምጡኝ። ከእነዚህ ጥሪዎች 70 ከመቶው የተደወለው ስለ ሕፃናት ነበር፤ ዕድሜያቸው ከ6 ዓመት በታች ስለሆኑ ልጆች። አብዛኞቹ ሳያውቁ ያገኙትን የዋጡ ናቸው። ይህ ለምን ሆነ ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ ከዚያችው «መድኃኒት አይደለም» ከምትለው ዓረፍተ ነገር አይርቅም ብዬ አምናለሁ። የደም ግፊት ክኒናችንን ቁም ሣጥን ላይ እንሰቅላለን፤ ለልጅ አይደርስም። ማቅጠኛውን ግን ጠረጴዛ ላይ፣ ቦርሳ ውስጥ፣ ከማር ጠርሙሱ አጠገብ እንተወዋለን። ያልፈራነውን ነገር ከልጅ አንሸሽግምና።

ጥናቱ አንድ ዕፅ ለይቶ አሳይቷል። ዮሂምቤ ይባላል፤ ከአፍሪካ የሚመጣ የዛፍ ልጣጭ ነው፤ ለክብደት መቀነሻም፣ ለወንዶች ጉልበትም ተብሎ ይሸጣል። ስለ ዮሂምቤ ከተደወሉት ጥሪዎች 28 ከመቶው ከባድ የጤና መዘዝ ያስከተሉ ነበሩ። ልብን ያስሮጣል፣ ግፊትን ይለዋውጣል፣ ሰውን ያንቀጠቅጣል። ልጣጭ ነው እንጂ ከፋብሪካ የወጣ ኬሚካል አይደለም፤ ይህም አላዳነም።

አንዳንዶቻችሁ «አሜሪካ እኮ ነው ያለነው፤ ጎጂ ቢሆን ኖሮ መንግሥት መች ዝም ይል ነበር?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። ከአገር ቤት ስንመጣ በዚህ አገር ሱቅ ውስጥ የተደረደረ ነገር ሁሉ ተፈትሾ ያለፈ ይመስለናል። ሐኪም የሚያዝልን መድኃኒት በእርግጥ ተፈትሾ ነው የሚወጣው። አምራቹ ይሠራል፣ አይጎዳም ብሎ በማስረጃ ማሳየት አለበት፤ ኤፍዲኤ የሚባለው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሳይፈቅድለት ለገበያ አያቀርብም። ሰፕልመንት ግን የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ነው። ሕጉ በጥቅምት ወር 1994 በፕሬዚዳንት ክሊንተን ፊርማ የጸደቀ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ሰፕልመንት የሚቆጠረው እንደ መድኃኒት ሳይሆን እንደ ምግብ ዓይነት ነው። ከመሸጡ በፊት የኤፍዲኤን ፈቃድ አይጠይቅም። መሥሪያ ቤቱ እጁን የሚያስገባው ዕቃው ገበያ ወጥቶ፣ ሰው ገዝቶት፣ ጉዳት መድረሱ ከታወቀ በኋላ ነው። በአጭሩ፣ መጀመሪያ የሚቀምሰው ገዢው ነው።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

እንግዲህ ጉዳቱ እንዴት ይመጣል? ሦስት መንገድ አለው፤ አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው፣ ዕፁ ራሱ ኃይለኛ ሲሆን ነው። ኤፌድራን እንውሰድ። ቻይናዎች ማ ሁዋንግ ይሉታል፤ ለሳልና ለአስም ከጥንት ጀምረው ሲጠቀሙበት የኖሩት ተክል ነው። በውስጡ ኤፌድሪን የሚባል አነቃቂ አለ። የጫትን ነገር የምታውቁ ወዲያው ይገባችኋል፤ የሚቅም ሰው ርሃብ አይሰማውም፣ እንቅልፍ አይመጣለትም፣ ልቡ ይመታል። በጫት ውስጥ ያሉት አነቃቂዎችና ኤፌድሪን በተፈጥሯቸው የሚቀራረቡ ዘመዳሞች ናቸው። በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ኤፌድራ ከካፌይን ጋር እየተቀላቀለ የማቅጠኛ ንጉሥ ሆኖ ነበር። ምግብ ይዘጋል፤ ልብንም ያስጨንቃል። በየካቲት ወር 2003 የባልቲሞር ኦሪዮልስ ቤዝቦል ቡድን ተጫዋች የነበረው ስቲቭ ቤክለር ፍሎሪዳ ውስጥ ልምምድ ላይ እያለ ሙቀት መትቶት ወደቀ፤ በማግሥቱ አረፈ። ዕድሜው 23 ዓመት ነበር። ክብደት ለመቀነስ ኤፌድራ ያለበት ሰፕልመንት ይወስድ ነበር፤ አስከሬኑን የመረመሩት ሐኪምም ለሞቱ አስተዋፅኦ አድርጓል አሉ። ኤፍዲኤ በሚያዝያ ወር 2004 ኤፌድራ ያለበትን ሰፕልመንት ከገበያ አገደ። ቅድም የነገርኳችሁ የኮሎምበስ ተመራማሪዎችም ከእገዳው ጋር ተያይዞ ስለ ማ ሁዋንግ የሚደወለው ጥሪ በእጅጉ መቀነሱን አይተዋል። ቁጥጥር ሲኖር ሰው ይተርፋል።

«እሱማ ታገደ፤ አረንጓዴ ሻይስ ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። በስኒ ቀድታችሁ የምትጠጡት አረንጓዴ ሻይ ችግር የለውም፤ ጠጡ። ሻይና የሻይ ጭማቂ ግን አንድ አይደሉም። ካፕሱሉ ውስጥ ያለው ተጨምቆና ተጠናክሮ የብዙ ስኒ ኃይል በአንድ ጉርሻ የሚገባ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2018 ጉዳዩን መርምሮ፣ በአረንጓዴ ሻይ ውስጥ ካሉት ንጥረ ነገሮች ዋናው በሰፕልመንት መልክ በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሲወሰድ የጉበት መጎዳት ምልክት እንደሚያሳይ ገልጿል። በጠላና በአረቄ ይህን እናውቀዋለን። አንድ ብርጭቆ ጠላና አንድ ብርጭቆ አረቄ መነሻቸው እህል ቢሆንም፣ በሰውነት ላይ የሚያደርጉት አንድ ነው የሚል የለም። ካፕሱሉ አረቄው ነው።

ጉበት የምንውጠው ሁሉ የሚያልፍበት ጓዳ ነው፤ ጓዳው ሲበከል ቤቱ ሁሉ ይታመማል። በግንቦት ወር 2009 ኤፍዲኤ ሃይድሮክሲከት የተባለውን ስመ ጥር ማቅጠኛ ሰዎች እንዳይጠቀሙ አስጠንቅቋል። የደረሱት 23 ከባድ የጉበት ጉዳት ሪፖርቶች ነበሩ፤ አንዱ ጉበት እስከ መቀየር የደረሰ፣ አንዱ በሞት ያበቃ። በ2013 ደግሞ ሃዋይ ውስጥ ኦክሲኤሊት ፕሮ የተባለ ማቅጠኛ የወሰዱ ብዙ ሰዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ጉበታቸው ተጎድቶ ሆስፒታል ገቡ፤ የሞተም አለ። ማቅጠኛ ሻይም ከዚህ የተለየ አይምሰላችሁ። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ዋናው ቅጠል አገራችን ሰናመኪ ብሎ የሚያውቀው ነው። ሰናመኪ ሆድ ያስቀምጣል። ሚዛን ላይ የቀነሰው ስብ ሳይሆን ውኃ ነው፤ ውኃ ስትጠጡ ይመለሳል። በየቀኑ ሲደጋገም ግን ከውኃው ጋር ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን ይወጣል፤ ፖታሲየም ሲያንስ የልብ ምት ይዛባል። የግፊት ወይም የልብ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ይህ እጥፍ አደጋ ነው።

ሁለተኛው መንገድ፣ ዕፁ የተባለው ዕፅ ሳይሆን ሲቀር ነው። ከ1990 ጀምሮ ብራስልስ ከተማ ውስጥ አንድ የማቅጠኛ ክሊኒክ ለሴቶች የቻይና ዕፅ የተቀላቀለበት ካፕሱል ይሰጥ ነበር። የታሰበው ዕፅ ስሙ ፋንግ ጂ ነበር። በዚህ ስም የሚጠሩ ከአንድ በላይ ዕፆች አሉ፤ የገባው ግን አሪስቶሎኪያ የሚባለው፣ ኩላሊት የሚገድለው ነበር። ከ100 በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ ብዙዎቹ ደማቸው በማሽን የሚታጠብ፣ ኩላሊት የሚቀየርላቸው ሆኑ። በዚያ አላበቃም። ከዓመታት በኋላ በ39 ሕሙማን ላይ በተደረገ ምርመራ 18ቱ የሽንት ቧንቧ ካንሰር ይዟቸው ተገኘ። ጤነኛ ሴቶች ነበሩ፤ ትንሽ ልቀንስ ብለው ነው የሄዱት። የሁለት ዕፆች ስም ተመሳስሎ ሕይወታቸው ተበላሸ።

ይህ የሩቅና የድሮ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። በጥር ወር 2024 ኤፍዲኤ «ተሆኮቴ» ስለሚባል የሜክሲኮ ፍሬ ሥር ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ለክብደት መቀነሻ በኢንተርኔት የሚሸጥ ነው። ሲመረመር ብዙዎቹ ዕቃዎች ውስጥ የተገኘው ተሆኮቴ ሳይሆን ቢጫ ኦሊያንደር ነበር፤ በሞቃት አገሮች ለጌጥ የሚተከል፣ ቢጫ አበባ ያለው፣ ፍሬው ልብን የሚያቆም መርዛም ተክል። ነገሩ የታወቀው ኒው ጀርሲ ውስጥ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ቤት ያገኘውን እንዲህ ያለ ዕቃ ውጦ ልቡ ምቱን በማዛባቱ ነው። ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎች ከገበያ ከሰበሰቧቸው አሥር ዕቃዎች ዘጠኙ ቢጫ ኦሊያንደር ሆነው ተገኙ። ከአሥር ዘጠኝ!

ሦስተኛው መንገድ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ዕፅ ተብሎ በምሥጢር የፋብሪካ መድኃኒት ሲጨመርበት። «ይኼኛውስ በእርግጥ ይሠራል፣ በሁለት ሳምንት ቀነስኩበት» የሚባልለት ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ለዚህ ነው። ሲቡትራሚን የሚባል የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ መድኃኒት ነበር፤ በሐኪም ትእዛዝ ይሸጥ ነበር። በትልቅ ጥናት የልብ ሕመምና ስትሮክ እንደሚያበዛ ስለታወቀ በጥቅምት ወር 2010 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። ከገበያ ወጣ እንጂ ከዓለም አልጠፋም። ዛሬ «መቶ በመቶ ዕፅዋት» የሚል ካፕሱል ውስጥ ተደብቆ ይገኛል። ከ2007 እስከ 2016 ኤፍዲኤ የተደበቀ መድኃኒት አግኝቶ ካስጠነቀቀባቸው 776 ሰፕልመንቶች 41 ከመቶ የሚሆኑት ክብደት መቀነሻዎች ነበሩ፤ በእነዚያም ውስጥ በብዛት የተገኘው ሲቡትራሚን ነው። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙ ፈጽሞ የማይሰጠውን መድኃኒት ቅጠል መስሎት ይውጣል። ሐኪሙም አያውቅ፣ እሱም አያውቅ።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልመለስ። ይህን ሁሉ ስል የአባቶቻችንን የዕፅ ዕውቀት ለማቃለል አይደለም። እንዲያውም በተቃራኒው ነው። ኮሶን አስታውሱ። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሕዝብ ኮሶ ሲታመም የኮሶ ዛፍ አበባ ተወቅጦ ይጠጣ ነበር። ኮሶ የሚጠጣ ሰው ግን እንደ ሻይ አይጠጣውም። ቀን ይመርጣል፤ በባዶ ሆድ በጠዋት ይጠጣል፤ ያን ቀን ከቤት አይወጣም፤ መጠኑን የሚያውቅ ሰው ይሰፍርለታል፤ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። በኮሶ ብዛት ዓይናቸው የታወረ ሰዎች መኖራቸውን ሐኪሞች ጽፈውታል። የቀድሞ ሰዎች ኮሶን በየቀኑ፣ ለወራት፣ የምግብ ጓደኛ አድርገው አልጠጡትም። ዕፅን ይፈሩት ስለነበር ያውቁት ነበር። እኛ የወረስነው ዕፁን ብቻ ሆነ፤ ፍርሃቱን እዚያው ትተነው መጣን።

በምግብነት የምናውቃቸውን አልነካም። ጥቁር አዝሙዱ በድስት ቢገባ፣ ዝንጅብሉ በሻይ ቢፈላ፣ ተልባው በጾም ቢበጠበጥ፣ ሽፈራው እንደ ጎመን ቢበላ፣ ምግብ ነው። የምፈራው የእነዚሁ ስም ተለጥፎበት በካፕሱል የሚመጣውን ነው፤ ምን ያህል እንዳለው፣ ሌላ ምን እንደተጨመረበት የማይታወቀውን።

አንድ ሌላ ልማዳችንም አደጋ አለው። ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» እንላለን፤ የወፍ በሽታ የሚያድን ዕፅ ፍለጋም እንነሣለን። አስቡት፤ ማቅጠኛ ዕፅ ጉበቱን ያቆሰለው ሰው፣ በቆሰለው ጉበት ላይ ሁለተኛ ዕፅ ይጨምርበታል። እባካችሁ ይህን ከሁሉ በላይ ያዙልኝ። ማንኛውንም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ እንደ ጠቆረ ሻይ ከሆነ፣ ሰውነቱን ካሳከከው፣ በቀኝ ጎኑ ከጎድን በታች ካመመው፣ ምግብ ካስጠላውና ድካም ከጣለው፣ ዕቃውን ያቁም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ደረት የሚወጋው፣ ልቡ የሚዘልበት፣ ራሱን የሚስት፣ ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ደግሞ እስከ ነገ አይጠብቅ፤ 911 ይደውል።

ወደ ሐኪም ስትሄዱ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ባዶም ቢሆን። ብዙዎቻችን ሐኪም «ሌላ የምትወስጂው ነገር አለ?» ሲለን «የለም» እንላለን። አንዳንዱ እንዳይቆጣኝ ብሎ ነው፤ አንዳንዱ መድኃኒት ስላልመሰለው ነው። ሐኪሙ ግን የጉበታችሁን ጉዳት ሲያይ ምክንያቱን በጉበት ቫይረስ፣ በአልኮል፣ በሐሞት ጠጠር ሲፈልግ ይከርማል፤ ምክንያቱ ቦርሳችሁ ውስጥ ነው። በተለይ የስኳር፣ የግፊት፣ የልብ፣ የደም ማቅጠኛ ወይም የድብርት መድኃኒት የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡሮችና የምታጠቡ እናቶች፣ ከዕፅ የተሠራ ማቅጠኛን ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ሳያይላችሁ አትንኩ። በስልክ «የተፈጥሮ ኦዘምፒክ» እየተባለ የሚዞረው በርበሪን እንኳ ለነፍሰ ጡርና ለአራስ ሕፃን አደገኛ ነው፤ ከሌሎች መድኃኒቶችም ጋር ይጋጫል።

አሁን እርሳስና ወረቀት አዘጋጁ፤ የምጠራው ቁጥር ቤታችሁ ማቀዝቀዣ በር ላይ ይለጠፍ። የመርዝ መረጃ ማዕከሉ ቁጥር 1-800-222-1222 ነው። እደግመዋለሁ፤ 1-800-222-1222። ቀንም ሌሊትም ይሠራል፤ ክፍያ የለውም። እንግሊዝኛ የሚቸግራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ «አምሃሪክ» በሉ። ልጅ የሆነ ነገር ውጦ ከሆነ ምልክት እስኪያሳይ አትጠብቁ። በዕቃው የተጎዳ ሰው ለኤፍዲኤ ማሳወቅም ይችላል፤ ቁጥሩ 1-800-332-1088 ነው። ቅድም እንዳልኩት መሥሪያ ቤቱ የሚንቀሳቀሰው ጉዳት ሲሰማ ነው። የእኛ ሰው ተጎድቶ ዝም ካለ፣ ያው ጠርሙስ ለሚቀጥለው ጎረቤት ይሸጣል። ኢንሹራንስ የለኝም ብሎ ሐኪም የሚፈራ ካለ፣ በከተማችን ፕራይመሪዋን ሄልዝን የመሰሉ በገቢ መጠን የሚያስከፍሉ ጤና ጣቢያዎች አሉ።

«ታዲያ ምን እናድርግ፣ ዝም ብለን እንወፍር?» እንዳትሉኝ። በ2002 ውጤቱ የታተመ፣ ከ3,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ነበር። ስኳር ሊይዛቸው የተቃረቡ ሰዎች ከክብደታቸው 7 ከመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ በፍጥነት እንዲራመዱ ተደረገ። ስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 ከመቶ ቀነሰ፤ ክኒን ከተሰጣቸው ሰዎችም በለጠ። 7 ከመቶ ማለት 90 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 6 ኪሎ ገደማ ነው። 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ነው። ክረምት ሲሆን በገበያ አዳራሽ ውስጥ መዞር ይቻላል። እንጀራውን በአንድ መቀነስ፣ ምስሩንና ጎመኑን ማብዛት፣ ሶዳውን በውኃ መተካት፣ ከሌሊት ሥራ ተመልሶ በልቶ ወዲያው አለመተኛት። ይህ የሚሸጥ ነገር ስላልሆነ ማንም ቪዲዮ ሠርቶ አይልክላችሁም። በራሱ ያልተሳካለትም አይፈር፤ ለክብደት ተፈትሸው የተፈቀዱ መድኃኒቶች አሉ፤ ሐኪም ደምና ልብን አይቶ የሚያዛቸው፣ ጉዳታቸውም ጥቅማቸውም የሚታወቅ።

አድማጮቼ፣ ከመሰነባበታችን በፊት አንድ ነገር ብቻ እንድታደርጉልኝ እጠይቃለሁ። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ያለውን ማቅጠኛ ሻይ ወይም ጠርሙስ አውጡና በእጃችሁ ያዙት። «ናቹራል» የሚለውን ቃል እርሱትና በእኛው ስም ጥሩት፤ መድኃኒት በሉት። መድኃኒት ካላችሁት በኋላ፣ መድኃኒት የሚጠየቀውን ሁሉ ጠይቁት። ማን ሠራህ? ምን አለብህ? መጠንህ ስንት ነው? ከሌላው መድኃኒቴ ጋር ትስማማለህ? ሐኪሜስ ያውቅሃል? መልስ ከሰጣችሁ፣ ወደ ሐኪም ይዛችሁት ሂዱ። መልስ ከሌለው፣ ጓዳ ጥግ የምናስቀምጠውንም መድኃኒት እንደምንለው አስታውሱ። ያንን ከልጅ እናርቀዋለን እንጂ ማንም ሻይ አድርጎ አይጠጣውም።

 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)